አንድ ሜትር መርከብ፦ የኤልኤስቲ 325 ሞዴል የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 29

ካርቶን ገዛሁ። እንግዲህ ተጀመረ ማለት ነው።

ሥራዬ ማኬት ነው። አርክቴክቶች ፕላን ያመጣሉ፣ እኔ በፎምና በካርቶን ሕንፃ አድርጌ እመልሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሁሉ ባለበት የሚቆም ነገር ነው። አንድ ጊዜ ድልድይ መጣልኝና ለውጥ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እሱም ቆመ። ሰሞኑን ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ግን የሚንሳፈፍ ነገር ልሥራ አልኩ። ባለቤቴ "ባሕር በሌለበት አገር መርከብ?" ብላ ሳቀች። ሳፋ አለን አልኳት። ሳቋን አቆመች። ሳፋው የልብስ ማጠቢያ ነው።

የመረጥኳት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤልኤስቲ 325ን ነው። ኤልኤስቲ በአጭሩ ታንክ የምታወርድ መርከብ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከውቅያኖስ መጥታ አሸዋ ላይ ትወጣለች፣ አፍንጫዋን እንደ ጊቢ በር ለሁለት ትከፍታለች፣ ከውስጥ ታንክና ካሚዮን እየነዱ ይወርዳሉ። የመረጥኩበት የመጀመሪያው ምክንያት ስንፍና ነው። ርዝመቷ 100 ሜትር ነው። በአንድ መቶኛ ሲሠሯት ልክ አንድ ሜትር ትሆናለች። ወርዷ 15.2 ሜትር፤ ለእኔ 15.2 ሳንቲ። ካልኩሌተር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት መርከቧ ዛሬም መኖሯ ነው። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ኤቫንስቪል ከተማ ወንዝ ላይ ሙዚየም ሆና ቆማለች። ቆማለች ስል ሞተሯ ይሠራል፤ እየወጣች ትጓዛለች። ስለዚህ ፎቶዋ እንደ ልብ ነው። ማኬት ሠሪ ከፎቶ ሌላ ምን ይፈልጋል?

አንድ ማሳሰቢያ፦ ስለ መርከቧ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። የእኔ የሥራ ቀኖች በእኛው ናቸው።

ጥቅምት 2

ገና ከተር አላነሳሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀት ላይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሆዷ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውቅያኖስ የምታቋርጥ መርከብ ውኃው ውስጥ ጠለቅ ማለት አለባት። ካልጠለቀች ማዕበሉ እንደ ቡሽ ይጫወትባታል። አሸዋ ላይ የምትወጣ መርከብ ደግሞ መጥለቅ የለባትም። ከጠለቀች ገና ከዳርቻው ርቃ መሬት ትነካለች፣ ታንኩም የሚወርደው ባሕር ውስጥ ነው። አንዱን ስታገኝ ሌላው ያመልጥሃል።

እንግሊዞች በ1940 ወታደሮቻቸውን ከደንከርክ ሲያወጡ ከባድ መሣሪያቸውን እዚያው ጥለው መጡ። ቸርችልም ታንክ ጭና ባሕር የምታቋርጥ መርከብ ትሠራ ብለው ወጥረው ያዙ። መጀመሪያ የተገኘው መላ አዲስ መርከብ መሥራት አልነበረም። ቬንዙዌላ ውስጥ ማራካይቦ የሚባል ሐይቅ አለ። መግቢያው ጥልቀት ስለሌለው፣ እዚያ ነዳጅ የሚያመላልሱት መርከቦች ብዙም የማይጠልቁ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። ሦስቱን ወስደው አፍንጫቸውን ቆርጠው በር ገጠሙላቸው። ሠሩም። ግን ሦስት መርከብ ምን ይሆናል?

በኖቬምበር 1941 ጆን ኒደርማየር የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ ነዳፊ ተቀምጦ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ንድፉን ሣለው። ዘዴውን ያገኘው ከሰርጓጅ መርከብ ነው። በመርከቧ ሆድ ውስጥ ማጠራቀሚያዎች አሉ። ውቅያኖስ ላይ ስትሆን የባሕር ውኃ ታስገባባቸዋለች፤ ትከብዳለች፣ ትጠልቃለች። ዳርቻው ሲቃረብ ውኃውን በፓምፕ ታስወጣዋለች፤ ትቀላለች፣ ብድግ ትላለች። በቃ። ይህን ሳነብ "ይሄ ለእኔም ይመጣልኝ ነበር" አልኩ። አይመጣልኝም ነበር።

ጦርነቱ እስኪያልቅ በዚህ ንድፍ 1,051 መርከቦች ተሠሩ።

ቁጥሮቼን ጻፍኩ። አሸዋ ላይ ለመውጣት ስትዘጋጅ ከፊት 1.2 ሜትር ያህል፣ ከኋላ 3 ሜትር ያህል ትጠልቃለች። ሆዷ ከፊት ወደ ኋላ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ የታሰበው በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ለሚወርድ ዳርቻ ነው። ለእኔ ከፊት 1.2 ሳንቲ፣ ከኋላ 3 ሳንቲ። ክብደቷ በዚያን ጊዜ 2,366 ቶን ነው። አንድ መቶኛ ሲሆን ክብደት የሚካፈለው ለመቶ ሳይሆን ለአንድ ሚሊዮን ነው። ስለዚህ 2 ኪሎ ከ366 ግራም። ሞዴሌ ይህን መዝና በእነዚያ ሁለት ቁጥሮች ላይ ካልተቀመጠች አልሠራኋትም ማለት ነው። ለራሴ የሰጠሁት ፈተና ይኸው ነው።

ጥቅምት 6

አጥንቷን ቆረጥኩ። ሃያ አንድ የጎድን አጥንት። ሆዷን ማስታወቂያ ቤቶች ከሚጠቀሙበት ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ የላዩን ወለል ከወፍራም ካርቶን። ካርቶን ማድረጌ ልክ አልነበረም፤ ያኔ ግን አላወቅኩም።

አንድ ነገር አንብቤ በጣም ደስ አለኝ። መርከቦቹ ሳይሠሩ በፊት አሜሪካኖቹ ራሳቸው ማኬት ሠርተዋል! ኬንተኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ በሚባለው ጦር ሰፈር የታንኮቹን ወለል በሙሉ መጠኑ ደረቅ መሬት ላይ ገነቡት። ጭንቀታቸው ጭሱ ነበር። ታንክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞተር ቢያስነሳ ውስጥ ያለው ሰው ይታፈናል። ስለዚህ ማኬቱ ውስጥ ታንክ አስገብተው፣ ሞተር አስነስተው፣ ማናፈሻውን ፈተኑ። ያ ማኬት ዛሬም እዚያው ቆሟል። የእኔ ማኬቶች ከምረቃ በኋላ ዕቃ ቤት ገብተው አይጥ ይበላቸዋል።

ጥቅምት 13

እንግዳ መጣ። ምድር ቤት የሚኖሩ ጎረቤታችን የባሕር ኃይል ጡረተኛ ናቸው። በንጉሡ መጨረሻ ምፅዋ ገብተው በደርግ ጊዜ ያገለገሉ። በር ላይ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ፦

"ይሄ ቤት አይደለም" አሉ።

"አይደለም ጋሼ። መርከብ ነው።"

"መርከብማ መሆኑን አየሁ። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። ይንከባለላል።"

እውነታቸውን ነው። ኤልኤስቲዎች በማዕበል ላይ ክፉኛ በመናጥ የታወቁ ናቸው። ጋሼ ከሶቪየት ኅብረት የመጡትን፣ አፍንጫቸው የሚከፈተውን የእኛን መርከቦች ያውቋቸዋል። ከዚያ ወሬው ወደ "ኢትዮጵያ" መርከብ ሄደ። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችው "ኢትዮጵያ" እኮ እሷም የጦርነቱ ጊዜ አሜሪካዊት ናት። ኦርካ ትባል ነበር። ፓስፊክ ላይ የባሕር አውሮፕላን ታግዝ የነበረች ናት፤ በ1962 ለእኛ ተሰጠች። በ1991 ወደ የመን ሄደች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

"እሷን ነበር መሥራት" አሉኝ ጋሼ። መልስ አልነበረኝም። ርዝመቷ ልክ አንድ ሜትር አይመጣም ብላቸው ምን ይሉኛል?

ቡና ጠጡና ሲወጡ ነገ እመጣለሁ አሉ። መጡም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣሉ።

ጥቅምት 19

ሞዴል ስትሠራ አንድ ቀን መምረጥ አለብህ። ሕንፃ እንዲህ አያስቸግርም፤ የምረቃው ዕለት ነው፣ አለቀ። መርከብ ግን ትለዋወጣለች። ቀለሟ፣ መድፏ፣ ቁጥሯ፣ ቁስሏ። የትኛዋን 325 ነው የምሠራው?

ታሪኳን ከመጀመሪያው ያዝኩት። ፊላደልፊያ የባሕር ኃይል መርከብ ማምረቻ ውስጥ በኦገስት 1942 ተጀመረች፤ በኦክቶበር 27 ውኃ ነካች። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። እኔ ለአንድ ጂ ፕላስ ፎር ማኬት ሦስት ሳምንት እጠይቃለሁ። በፌብሩዋሪ 1943 ሥራ ጀመረች፣ አልጄሪያ ኦራን ገባች፣ በጁላይ 10 የሲሲሊ ዘመቻ ሲጀመር ወደ ጄላ ሄደች። በሴፕቴምበር ጣሊያን፣ ሳሌርኖ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ስትሄድ የጀርመን አውሮፕላኖች አብረዋት የሚጓዙትን መርከቦች በራዲዮ በሚመሩ ቦምቦች መቱ፤ እሷ ተረፈች። በጁን 5 ቀን 1944 ከፋልመዝ ተነሣች፤ በ7 ኦማሃ የተባለው የኖርማንዲ ዳርቻ ፊት ለፊት ደረሰች።

ስም እንኳ አልነበራትም። ያን ሁሉ መርከብ ስም ለማውጣት ማን ጊዜ አለው? ቁጥር ብቻ። መርከበኞቹ ግን ለሦስቱ ፊደላት የራሳቸውን ትርጉም አውጥተውላቸዋል፦ ትልቅ፣ ዝግተኛ፣ ኢላማ። ጉዞዋ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲጨንቃት 22። ብስክሌት ይቀድማታል።

የምሠራውን ቀን ፎቶው መረጠልኝ። ጁን 12 ቀን 1944። ባሕሩ ሸሽቷል። 325 እና 388 ጎን ለጎን ደረቅ አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶው ከኋላ ነው የተነሣው። በሌላ ጊዜ ውኃ የሚሸፍነው ነገር ሁሉ ይታያል፤ ሁለቱ ፕሮፔለሮች፣ ሁለቱ መሪዎች፣ ከኋላዋ የተሰቀለው መልሕቅ ሳይቀር። አንድ ትልቅ መርከብ እንደ ዓሣ አሸዋ ላይ ተጥላ ማየት ያስደነግጣል። አደጋ ግን አይደለም፤ ሆን ብለው ነው። ባሕሩ ሲሞላ ገብተው ይቀመጣሉ። ውኃው ሲሸሽ ካሚዮኖቹ በደረቁ ይወርዳሉ። ውኃው ሲመለስ ተነሥተው ይሄዳሉ።

ይህ ነው የኔ ቀን አልኩ። በሚሠራ ሕንፃ አጠገብ ካለ ክምር አንድ ጆንያ አሸዋ ለመንኩ። ዘበኛው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለኖርማንዲ አልኩት። "አሃ፣ ካፌ ነው?" አለኝ።

ጥቅምት 27

ፕሮፔለር። ስምንት ቀን።

ፎቶው ላይ በግልጽ ስለሚታዩ ማጭበርበር አይቻልም። ከለስላሳ ቆርቆሮ ጣሳ ክንፎቹን በመቀስ ቆረጥኩ። እያንዳንዱ ክንፍ ከጥፍሬ ያንሳል። በመርፌ አፍንጫ ፒንሳ ጫፉን ይዤ ጠመዘዝኩ። ከዚያ በአንድ የሚስማር ራስ ዙሪያ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ። ሁለቱ ይጣበቁና ሦስተኛው ጣቴ ላይ ይጣበቃል። አራት ሠርቼ ሁለቱን ጣልኩ። ሁለቱ የቀሩት ቀንደኞች ናቸው። አጉሊ መነጽር ስር ሳያቸው ራሴን አደነቅኩ።

ጋሼም አደነቁ። ቀጥለው ግን፦ "አሸዋ ላይ ልታስቀምጠው ነው? ውኃ ያልነካ መርከብ?"

"ፎቶው እንደዚያ ነው ጋሼ።"

"ፎቶውን ተወው። አንተ እንደ ቤት ልትተክለው ነው።"

አናደዱኝ። ማታ ግን መተኛት አቃተኝ።

ኅዳር 4

መልሕቋ። አብዛኛው መርከብ መልሕቁ ከፊት ነው። 325 ግን ከኋላም አላት፤ ዋናው ነገርም እሱ ነው። ወደ ዳርቻው ስትገሰግስ ገና ሩቅ ሳለች የኋላውን መልሕቅ ትጥላለች፣ ገመዱን እየለቀቀች ትገባለች። ስትጨርስ ገመዱን በሞተር ትጠቀልላለች፤ ራሷን ከአሸዋው ወደ ኋላ ጎትታ ታወጣለች። ለገመዱ ሲባጎ ወፍራም ሆነብኝ። የባለቤቴን የጥልፍ ክር በሻማ አሽቼ ተጠቀምኩ። ጋሼ አጠቃለሉን አዩና ፈትተው በራሳቸው እጅ እንደገና ጠቀለሉት። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ገመድ ሲይዝ ግን አይንቀጠቀጥም።

ኅዳር 9

ተበላሸ።

የመጀመሪያውን ቀለም ቀብቼ ቶሎ እንዲደርቅ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አውጥቼው አንድ ደንበኛ ደወለ። ሳይት ሄድኩ። ተረሳ። የኅዳር ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ከሰዓት ስመለስ ካርቶኑ ወለል መሃሉ ላይ ጎብጦ ከግራ እስከ ቀኝ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ እርሳስ ይገባል።

ልገነጥለው ከተር አነሣሁ። ከተሩን አስቀመጥኩ። ቤት ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 10

ጋሼ ስንጥቁን አዩት። ምንም አላሉም። እኔ ነኝ የሳቅኩት፤ ምክንያቱም ሌሊት ትዝ አለኝ። 325 እራሷ እዚሁ ጋ ተሰንጥቃለች!

ጦርነቱ አውሮፓ ውስጥ አልቆ ወደ አገሯ ስትመለስ ነው። በሜይ 12 ቀን 1945 ከሌሎች መርከቦች ጋር ከቤልፋስት ተነሣች። አትላንቲክ ላይ ከባድ ማዕበል ገጠማት። አፍንጫዋን አንድ ግዙፍ ሞገድ ውስጥ ሰካች፤ ዋናው ወለሏ ላይ ስንጥቅ ወጣ። ረጅም፣ ጠፍጣፋ መርከብ ሞገድ ከሥር ሲያነሣትና ሲለቅቃት እንደ ሰሌዳ ትታጠፋለች። ስንጥቁ ቢቀጥል ለሁለት ትሆን ነበር። የመርከቧ ብረት ሠራተኞች በዚያ ማዕበል መሃል ብረት አምጥተው ስንጥቁን አሻግረው በየዱት። ያዘላቸው። በወሩ መጨረሻ ኖርፎክ፣ ቨርጂንያ ገቡ።

ያን ያህል ኖርማንዲን የተመላለሰች፣ ቦምብ የሳታት መርከብ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ልትሰጥም ነበር። ይህ የተለመደ መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል። ከኤልኤስቲዎቹ በጠላት እጅ የጠፉት 26 ናቸው፤ በማዕበል፣ በዓለትና በአደጋ የጠፉት 13።

ለጋሼ ነገርኳቸው። አሰቡ።

"እንግዲህ ወይ ስንጥቁን ደብቅ፣ ወይ ቀኑን ቀይር።"

ቀኑን ቀየርኩ። ከካርቶኑ ሥር ደጋፊ አስገብቼ ጉብጠቱን አስተካከልኩ፤ ከላይ አራት የፕላስቲክ ቁራጭ ስንጥቁን አሻግሬ ለጠፍኩ። ብየዳው እንዲመስል ጠርዙን በስቱኮ አሻከርኩት። አሁን መርከቧ የሜይ 1945 ናት። ይህ ማለት ደግሞ አሸዋ የለም። ውቅያኖስ ላይ ናት። ስምንት ቀን የፈጀብኝ ፕሮፔለር ውኃ ስር ነው፤ ማንም አያየውም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የደስታቸውን መጠን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም።

ኅዳር 16

ምንም አልሠራሁም። የሚከፈልበት ሥራ መጣ። ሕንፃ ነው።

ኅዳር 21

ቀለም። ግራጫ። ቁጥሩን አፍንጫዋ ላይ በእጄ ጻፍኩ፦ 325።

ቀለም ሲቀቡ እጅ ይሠራል፣ ጭንቅላት ነፃ ነው። ቀኑን ወደፊት ማምጣቴ አንድ ጥቅም አለው። በኖርማንዲ ባቆማት ኖሮ ከዚያ ወዲያ የሠራችው ሁሉ ይቀርባት ነበር። ከጁን 1944 እስከ ኤፕሪል 1945 ከእንግሊዝ ፈረንሳይ ከ40 ጊዜ በላይ ተመላልሳለች። ጭነት ስታደርስ ታንክ፣ ስትመለስ ቁስለኛ። በዲሴምበር 28 ቀን 1944 ኢምፓየር ጃቨሊን የምትባል ወታደር የጫነች መርከብ ለ አቭር ወደሚባለው የፈረንሳይ ወደብ ስትሄድ ተመታች። 325 ደርሳ ወደ 700 ሰው አነሣች። ታንክ ለማውረድ የተሠራች መርከብ ናት፤ ያን ቀን የሠራችው ሰው ማውጣት ነው። በእኔ ሚዛን አንድ የቆመ ሰው የሚይዘው ቦታ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ለመሞከር ሩዝ ቆጥሬ ወለሏ ላይ ደረደርኩ። 400 አካባቢ ሰለቸኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ለሌላ ሰው ሞዴል ነው። በ1946 ፍሎሪዳ ውስጥ ከሥራ ወጥታ ታሰረች። በ1951 ቀስቅሰው ወደ በረዶው ላኳት፤ በካናዳና በግሪንላንድ በኩል ለሚሠሩ የራዳር ጣቢያዎች ስታመላልስ ከረመች። በ1964 ለግሪክ ተሰጠች። ግሪኮች ናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ያወጡላት፦ ሲሮስ፣ በአንዲት ደሴታቸው ስም። ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ያለ ስም ኖራ። በግሪክ ባንዲራ እስከ 1999 አገለገለች፤ በአሜሪካ ባንዲራ ካገለገለችው ይበልጣል።

መጨረሻ ላይ የመጣው ግን ጋሼን ያስለቀሳቸው ነው። በ2000 የድሮ የኤልኤስቲ መርከበኞች ክሬት ደሴት ሄደው ተረከቧት። አማካይ ዕድሜያቸው 72 ነበር። ሞተሩን ራሳቸው ጠገኑ። አትሞክሩት ያላቸው ብዙ ነው። በኖቬምበር ተነሡ፤ ጂብራልታር ቆይተው፣ በክረምት አትላንቲክን አቋርጠው፣ በጃንዋሪ 10 ቀን 2001 ሞቢል፣ አላባማ ገቡ።

"ሰባ ሁለት" አሉ ጋሼ። "እኔ ሰባ አንድ ነኝ።"

ታኅሣሥ 1

የመንሳፈፊያ ቀን። ወይም እንዲሆን የታሰበው።

ሳፋውን አመጣሁ። ውኃ ሞላሁ። መርከቧን አነሣሁ። አልገባችም። ሳፋው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማንያ ሳንቲ ነው፤ መርከቧ አንድ ሜትር። እኔ ኑሮዬ መለካት ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየሚሊሜትሩ ስለካ ሳፋውን አልለካሁትም። ባለቤቴ ሳፋዋን ወሰደች። ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱ ነው የባሰው።

ከሰዓት ቆራሌው ጋ ሄጄ ጠርዙ የተሰበረ የመታጠቢያ ገንዳ ተከራይቼ በጋሪ አስመጣሁ። አዎ፣ ተከራይቼ። ሦስት ቀን።

አሁን ስለ ሆዷ ልንገራችሁ። ውስጧ አራት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስተኝቻለሁ፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። የውኃ ማጠራቀሚያዎቿ እነሱ ናቸው። ከእያንዳንዱ የግሉኮስ ቱቦ ይወጣል፤ በትልቅ ስሪንጅ ውኃ አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ። በዚህ ምክንያት የታንኮቹ ወለል ከበሩ ጀምሮ ሃያ ሳንቲ ብቻ ነው ያለው። ካሚዮኖቿን አውርዳ ባዶዋን ስለምትመለስ ግድ የለም ብዬ ተጽናናሁ።

ባዶዋን መዘንኳት፦ 1 ኪሎ ከ140 ግራም። 1,226 ግራም ይጎድላል። ያ የለመንኩት የኖርማንዲ አሸዋ ትዝ አለኝ። በትንንሽ ፌስታል ከረጢት ቋጥሬ በጎድን አጥንቶቿ መካከል አስገባሁት። ሚዛኑ 2,366 አለ።

ገንዳው ውስጥ አስቀመጥኳት። ከፊት 1.3። ከኋላ 2.9። ወደ ቀኝ ትንሽ አዘነበለች፤ አንድ ከረጢት አሻገርኩ፣ ተቃናች። መጮህ አማረኝ። ከዚያ ስስታም ሆንኩ። የባሕር ላይ አቀማመጧን ልይ ብዬ ለአራቱም ጠርሙስ ግማሽ ግማሽ ውኃ ሰጠሁ። ገንዳውን ሳላስበው በጉልበቴ ነካሁት። አፍንጫዋ ትንሽ ዝቅ አለ፤ በጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ፊት ሮጠ፤ አፍንጫዋ ይበልጥ ዝቅ አለ። በሩ ውኃ ጠጣ። በእጄ ያዝኳት እንጂ ተቀብራ ነበር።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

"ግማሽ ሞላህ?"

"ግማሽ።"

"ግማሽ አይሞላም። ወይ ሙሉ፣ ወይ ባዶ። ውስጡ የሚላወስ ውኃ ነው የሚገለብጥህ፤ የውጭው አይደለም።"

ታኅሣሥ 3

አድርቄ፣ የበሩን ዙሪያ ሁለት ጊዜ ቨርኒሽ ቀብቼ፣ እንደገና ሞከርኩ። የፊቶቹን ሁለት ጠርሙሶች ጢም አድርጌ ሞላሁ። የኋላዎቹ ባዶ። ከፊት 2.4፣ ከኋላ 3.4። ገንዳውን በጉልበቴ መታሁት፣ አሁን ሆን ብዬ። ተንከባለለች። ተመለሰች። የተለጠፈው ወለል አልተነቃነቀም።

ገንዳው በአንዱ ጫፍ ጀርባ ለመደገፍ የሚያዘነብል ነው። ለኖርማንዲ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ቢሆንም አንድ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አስደግፌ አለሰለስኩት። የምሠራው ቀን ሜይ 1945 ነው፣ አሸዋ አያስፈልግም ብዬ ነበር። ግን ጋሼ ስሪንጁን ይዘዋል።

"ግፋ" አሉኝ። ገፋኋት። ከዳርቻው ሁለት ስንዝር ሲቀር የኋላ መልሕቋን ጣልኩ። እሳቸው መምጠጥ ጀመሩ። አንድ ስሪንጅ 50 ሚሊ ነው፤ ለአንድ ሊትር ሃያ ጊዜ። እየቆጠሩ ነው። በሰባተኛው አፍንጫዋ ከፍ ማለት ጀመረ። በአሥራ አራተኛው ከሥሯ ያለው ቀይ ቀለም ታየ። በሃያኛው 1.2 ላይ ደረሰች። ሌላ ጣት ሳንጨምርባት በራሷ ተንሸራትታ ፕላስቲኩን ነካች።

በሩን በፒንሴት ከፈቱት። የግራው ማጠፊያ ጠንክሮ ስለነበር ትንሽ ተንጫጫ። ነገ ዘይት እሰጠዋለሁ። ገንዳውን የምመልሰው ከነገ ወዲያ ነው፤ ጋሼ አንድ ቀን እንድጨምርላቸው ጠይቀውኛል። የልጅ ልጃቸው እሑድ ትመጣለች።